ቄስ ጉዲና ቱምሳ፤ ያለ ለቅሶ የተቀበሩ ሰው

ለዘንድሮው ጽሑፋችን የመረጥናቸው ሰው የወላይታ ተወላጅ አይደሉም። የቃለ ሕይወትም አገልጋይ አልነበሩም። እንዲያውም ጉኑኖ ላይ ስማቸውን ሲሰማ ማን ናቸው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ይሁንና እኛ ድንኳን የምንተክል፣ ለቅሶ የምንደርስ፣ ሬሳ የምንሸኝ ሰዎች ስለሆንን የእኒህን ቄስ ታሪክ ከሌላው ሰው ይልቅ እንረዳዋለን ብለን አሰብን። ወደ ፖለቲካ ልግባ ብለው ሳይሆን ፖለቲካው ራሱ ፈልጎ ያገኛቸው ሰው ናቸው።

ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1921 ዓ.ም. በወለጋ ቦጂ ተወለዱ። ነጆ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው ነቀምቴ ሆስፒታል በድሬሰርነት ሠሩ። ያን ጊዜ ድሬሰር ማለት በገጠሩ ሰው ዓይን ከሐኪም ብዙም የማያንስ፣ ቁስል አጥቦ መርፌ የሚወጋ፣ መንገድ ላይ ሰው ቆሞ የሚያሳልፈው ሰው ነበር። እሳቸው ግን ያን ትተው ወደ ስብከት አዘነበሉና በ1950 ዓ.ም. ገደማ ቅስና ተቀበሉ።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በአገር አቀፍ ደረጃ የተቋቋመችው በጥር 1951 ዓ.ም. ነው። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሬዚዳንቷ የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም፣ የንጉሠ ነገሥቱ አምባሳደርና ሚኒስትር የነበሩት ናቸው። እንግዲህ በዚያ ቤት ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ከመጀመሪያውም ሩቅ ለሩቅ አልነበሩም። ቄስ ጉዲና ከ1956 እስከ 1958 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በሉተር ሴሚናሪ ተማሩ። ጊዜው ቄስ ማርቲን ሉተር ኪንግ ጥቁሮችን ይዘው አደባባይ የወጡበት ነበር። ከዚያ እንደተመለሱ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ሆኑና እስከ ሞታቸው ድረስ በዚሁ ሥራ ቆዩ።

ስማቸውን ከአገር ውጭ ያስጠራው በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ጄኔቭ ላለው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የውጭ ረጂዎች ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤትና ለልማት ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለወንጌል ሥራና ለሰባኪ ማሠልጠኛ ሲባል ግን እጃቸው ይታጠፋል። ደብዳቤው ሰውን ሆድና ነፍስ ብሎ ለሁለት መክፈል አይቻልም፣ የሰው ልጅ አንድ ነው የሚል ነበር። ይህ ለወላይታ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሶዶ የገቡት ሚሲዮኖች መድኃኒቱንም ወንጌሉንም አብረው ነው ያመጡት። ፈረንጆቹ ግን ደንገጥ አሉ፤ እስከ ዛሬም የሥነ መለኮት ተማሪዎች ይከራከሩበታል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ጭሰኛ የነበረው ሁሉ እልል አለ፤ እዚህ የእኛ ሽማግሌዎችም አይረሱትም። መካነ ኢየሱስም ለድኻው ፍትሕ መምጣቱን አልተቃወመችም። ቄስ ጉዲና የተጣሉት ከመሬቱ ጋር አልነበረም። ኋላ ላይ ሶሻሊዝም በአምላክ ቦታ ይቀመጥ፣ ቤተ ክርስቲያንም የመንግሥት አፍ ትሁን ሲባል ነው እምቢ ያሉት። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የሉተራን ፌዴሬሽን ሬዲዮ ጣቢያ የነበረው ብሥራተ ወንጌል ተወረሰ። በወለጋና በሌላውም ቦታ ጸሎት ቤቶች መዘጋት ጀመሩ፤ የእኛም የወላይታ ጸሎት ቤቶች ብዙዎቹ በዚያ ዘመን መዘጋታቸውን ሁላችን እናውቃለን።

በዚህ ላይ የቤተሰቡ ነገር ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ፋርማሲስትም የሕግ ሰውም ሆኖ፣ ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ነበር፤ በ1970 ዓ.ም. ሐረርጌ በረሃ ሞተ። አንዱ ወንድም ጠመንጃ ወዳለበት ሲሄድ ሌላው መስበኪያው ላይ ቀረ። መንግሥት ግን ሁለቱን በአንድ ዓይን ነው ያየው። በእኛ ግምት ቄስ ጉዲና ፖለቲከኛ አልነበሩም፣ የፓርቲ ሹመትም አልያዙም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ባለሥልጣንን ፊት ለፊት አይሆንም ማለት ራሱ ፖለቲካ ነበር፤ ይህን ደግሞ እሳቸው አጥተውት አይደለም።

በጥቅምት 1971 ዓ.ም. ታሰሩ፣ ተፈቱ። ሰኔ ላይ ደግሞ ታሰሩ፣ ተፈቱ። ወዳጆቻቸው ወደ ታንዛኒያ የሚያወጣቸውን መንገድ አዘጋጅተውላቸው ነበር። መንጋ ጥሎ የሚሸሽ እረኛ አልሆንም ብለው ቀሩ። እዚህ ላይ ሰው ሊከራከር ይችላል፤ ልጆችና ሚስት ያለው ሰው ነፍሱን ማትረፍ ነበረበት የሚል አለ፣ ይህም ክፉ አሳብ አይደለም። እኛ ግን ቢሄዱ ኖሮ የቀሩት ሰባኪዎች በምን ፊት ይቆሙ ነበር እንላለን።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ፣ ዑራኤል መካነ ኢየሱስ ሰብከው ሲወጡ የታጠቁ ሰዎች ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር በመኪና ወሰዷቸው። ወይዘሮ ፀሐይን ያንኑ ሌሊት ለቀቋቸው። ቄሱ ግን አልተመለሱም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ለእኛ የሚከብደን። ሞተዋል የሚል የለ፣ ታስረዋል የሚል የለ። ሬሳ ከሌለ ድንኳን አይተከልም፤ ለቅሶ ካልተቀመጡ ደግሞ ሐዘን አይወጣም። ጊዜውም ቢሆን ልጅ የተገደለባት እናት እንዳታለቅስ የምትከለከልበት፣ ለአስከሬን የጥይት ዋጋ የሚጠየቅበት ነበር። ወይዘሮ ፀሐይ ስንቅ ይዘው የሚሄዱበት ወህኒ እንኳ አልነበራቸውም። ይባስ ብሎ በ1972 ዓ.ም. ራሳቸው ተይዘው፣ ተገርፈው፣ ወደ ዐሥር ዓመት ገደማ ታሰሩ። ልጆቹ አባትም እናትም አጡ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ የራስ አሥራተ ካሣ ግቢ በነበረው ቦታ ተቆፍሮ አጽማቸው ተገኘ። በዚያው ዓመት ከዚያው ግቢ የፓትርያርኩ የአቡነ ቴዎፍሎስም አጽም ወጥቶ ጎፋ ገብርኤል አርፏል። የመካነ ኢየሱስ ቄስና የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አንድ አፈር ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ወይዘሮ ፀሐይ በሕይወት ከወህኒ ወጥተው ስለነበር፣ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ባላቸውን በወግ አስቀበሩ።