የመሐንዲሱ የጁልየስ ሮዘንበርግ ሕይወትና የአንድ ፍርድ ዋጋ

አንድ አገር ምስጢሯን አሳልፎ የሰጠባትን ሰው የመቅጣት መብት እንዳላት የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ቅጣት በአገር ውስጥ ብቻ ታይቶ የሚቀር አይደለም። የማስረጃው ጥራት፣ የዳኛው ምክንያትና የቅጣቱ ልክ በውጭው ዓለም ሚዛን ላይ ይወጣሉ። የአሜሪካዊው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የጁልየስ ሮዘንበርግ ሕይወትና አሟሟት ለዚህ ጉልህ ምሳሌ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጁልየስ ሮዘንበርግ በ1918 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከሩሲያ ግዛት የፈለሱ አይሁድ ሲሆኑ፣ አባቱ በልብስ ስፌት ሥራ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። ወጣቱ የድኻ ልጆችን ያለ ክፍያ ያስተምር ወደነበረው የኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማረ። ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት የጸናበት፣ የሂትለርም ኃይል እያደገ የሄደበት በመሆኑ፣ እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቹ ወደ ኮሚኒስት ወጣቶች ማኅበር አዘነበለ። በ1939 በምህንድስና ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ኤተል ግሪንግላስን አገባ። ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለዱ።

በ1940 በአሜሪካ ጦር የመገናኛ ክፍል በሲቪል ሠራተኛነት ተቀጠረ። ኋላም ለጦሩ የሚመረቱትን የራዲዮና የራዳር መሣሪያዎች በየፋብሪካው እየተዘዋወረ የሚቆጣጠር መሐንዲስ ሆነ። ከ1942 ጀምሮ ግን ከሶቪየት ኅብረት የስለላ ድርጅት ጋር ግንኙነት ፈጠረ። በዚያን ጊዜ ሶቪየት ኅብረት የአሜሪካ የጦር ጓድ ነበረች። ሮዘንበርግ ከሙያ ጓደኞቹ መካከል ተባባሪዎችን መልምሎ የኤሌክትሮኒክስ ምስጢሮችን ያስተላልፍ ነበር። ካስረከባቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ፣ ዒላማው አጠገብ ሲደርስ በራዲዮ ሞገድ አማካይነት ጥይቱን የሚያፈነዳው መሣሪያ እንደነበረ ይታወቃል። በ1945 የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበር ተብሎ ከሥራው ተሰናበተ።

የኤተል ወንድም ዴቪድ ግሪንግላስ በጦርነቱ ጊዜ የአቶሚክ ቦምብ በሚሠራበት በሎስ አላሞስ የማሽን ሠራተኛ ነበር። በ1950 መጀመሪያ ላይ የፊዚክስ ሊቁ ክላውስ ፉክስ በብሪታንያ ሲያዝ፣ የምርመራው ክር ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሳበ ግሪንግላስ ዘንድ ደረሰ። ግሪንግላስም የእኅቱን ባል ጠቆመ። ጁልየስ በሐምሌ ወር፣ ኤተል ደግሞ በነሐሴ ታሰሩ። የኤተል መታሰር ዋና ዓላማ ባሏን አስጨንቆ ለማናገር እንደነበር የመርማሪው መሥሪያ ቤት የራሱ ሰነዶች ኋላ አረጋግጠዋል።

ክሱ ለመሰለል መመሳጠር የሚል ሲሆን፣ ችሎቱ በመጋቢት 1951 ተካሄደ። ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ ግሪንግላስ ከትዝታው የሣለው የቦምቡ ንድፍ ነበር። ይህ ንድፍ ታሽጎ ቆይቶ በ1966 ሲከፈት፣ የተመለከቱት የፊዚክስ ሊቃውንት ጉድለት የበዛበት ሥዕል መሆኑን መሰከሩ። በኤተል ላይ የቀረበው ከባድ ምስክርነት ደግሞ የወንድሟን ማስታወሻ በጽሕፈት መኪና ጽፋለች የሚለው ነበር።

ዳኛው ኧርቪንግ ካውፍማን ሚያዝያ 5 ቀን 1951 በሁለቱም ላይ የሞት ፍርድ ሲሰጡ፣ ድርጊታቸው ከነፍስ ግድያ የከፋ መሆኑን ገልጸው ለኮሪያ ጦርነት መነሣት ጭምር ተጠያቂ አደረጓቸው። የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የዘመተው በዚሁ ዓመት ነው፤ ጦርነቱ ያስቆጣው ስሜት ምን ያህል የጋለ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል። ሆኖም ለጦርነቱ መነሣት ተጠያቂ የሚያደርግ ማስረጃ በችሎቱ አልቀረበም።

የውጭው ዓለም ፍርዱን ከሌላ ፍርድ ጋር አስተያየው። የቦምቡን አሠራር ከነቀመሩ አሳልፎ የሰጠው ፉክስ በብሪታንያ ሕግ 14 ዓመት እስራት ብቻ ተፈርዶበት ነበር። ከዚህም የተነሣ በፓሪስ፣ በሮምና በለንደን የተቃውሞ ሰልፎች ተደረጉ። አልበርት አይንስታይንና የኖቤል ተሸላሚው የኬሚስትሪ ሊቅ ሃሮልድ ዩሪ ምሕረት እንዲደረግ ጻፉ፤ የሮማው ፓፓ ፒዮስ 12ኛም አማለዱ። በእርግጥ የኮሚኒስት ጋዜጦች ጉዳዩን ለፕሮፓጋንዳ ተጠቅመውበታል። እነዚሁ ጋዜጦች በ1952 በፕራግ ከተማ በተቀነባበረ ክስ 11 ሰዎች ሲሰቀሉ ፍርዱን ደግፈዋል። ነገር ግን በፓሪስ የነበሩት የአሜሪካ አምባሳደር ዳግላስ ዲሎን በግንቦት 1953 ለመንግሥታቸው እንዳስታወቁት፣ ቅጣቱ ከልክ ያለፈ ነው ይል የነበረው ኮሚኒስቱ ብቻ ሳይሆን የአሜሪካ ወዳጅ የሆነው ፈረንሳዊ ጭምር ነበር።

ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር ምሕረት ማድረግን እንደ ድካም ስለቆጠሩት ልመናውን አልተቀበሉም። ጁልየስና ኤተል ሰኔ 19 ቀን 1953 በሲንግ ሲንግ ወኅኒ ቤት በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደሉ። እሱ 35፣ እሷ 37 ዓመታቸው ነበር። ልጆቻቸው የ10 እና የ6 ዓመት ሕፃናት ነበሩ።

እውነቱ ተሟልቶ የወጣው ዘግይቶ ነው። አሜሪካ የፈታቻቸው የሶቪየት የምስጢር ቴሌግራሞች በ1995 ሲታተሙ፣ ጁልየስ መጀመሪያ አንቴና፣ ቀጥሎም ሊበራል በሚል የሽፋን ስም ይሠራ የነበረ ሰላይ መሆኑ ታወቀ። አብሮት የተከሰሰውና 30 ዓመት የተፈረደበት መሐንዲስ ሞርተን ሶቤልም በ2008 ይህንኑ አመነ። በሌላ በኩል ግሪንግላስ እኅቱ ስትጽፍ ማየቱን በእርግጥ እንደማያስታውስ በስተርጅናው ተናገረ። በ2008 እና በ2015 የተገለጡት የቅድመ ክስ ምርመራ መዛግብትም እሱና ሚስቱ በመጀመሪያ ቃላቸው ስለዚህ ጉዳይ ምንም እንዳልተናገሩ አሳዩ።

እንግዲህ ዐቃቤ ሕጉ በጁልየስ ጥፋተኝነት ረገድ አልተሳሳተም። ነገር ግን የአሜሪካን ስም ያጎደፈው ጥፋተኛን መቅጣቷ ሳይሆን፣ ሚስትን እንደ መያዣ ማቅረቧ፣ ያልተረጋገጠውን ምስክርነት በሞት ማተሟና የአንድን ንድፍ ክብደት በጦርነት ቁጣ መመዘኗ ነው። ፉክስ ከ9 ዓመት በላይ ታስሮ በ1959 ሲፈታ የብሪታንያ ምስጢር አጠባበቅ ተነቅፎ ነበር፤ ፍርዷ ግን አልተነቀፈም። የጁልየስ ጥፋት ከ40 ዓመት በኋላ በሰነድ ሲረጋገጥ እንኳ፣ አሜሪካን በኤተል ስም የሚጠይቃት ድምፅ ጸጥ አላለም። በእስራት የተሳሳተ ፍርድ ሊታረም ይችላል፤ በሞት የተፈጸመው ግን ለአገሪቱ ስም የማይከፈል ዕዳ ሆኖ ይኖራል።