ማርቆስ ሐጎስ፦ መጀመሪያ ማህበሩን፣ ቀጥሎ ሕይወቱን የተነጠቀው የሠራተኞች መሪ

ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ ወይም ከሺንሺቾ ከሆናችሁ፣ ወንጂ ወርዶ አገዳ የቆረጠ አያት ወይም አጎት ከዘመድ አይጠፋም። በ1940ዎቹ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ ሲከፍት፣ አገዳ ከቆረጡት ውስጥ ብዙዎቹ ከከምባታና ከሀዲያ የሄዱ ሰዎች ነበሩ። የወንጂ ሠራተኞች ማህበር መሪ አቶ አብርሃም መኮንን ደግሞ በ1955 ዓ.ም የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማህበር (ኢሠአማ) የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ዛሬ የምናወራው ስለዚሁ ማህበር የመጨረሻ ፕሬዚዳንት፣ ስለ ማርቆስ ሐጎስ ነው።

ማርቆስ የተረከበው ማህበር በቀላሉ የቆመ አልነበረም። በንጉሡ ዘመን ሕግ ማህበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት ውስጥ ቢያንስ 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። ሻይ ቤት፣ ወፍጮ ቤት ወይም ጋራዥ የሚሠራ ሰው በቃ፣ ከጨዋታ ውጪ ነው። የመንግሥት ሠራተኛና የቤት ሠራተኛም አይፈቀድላቸውም። እንዲያም ሆኖ ኢሠአማ በአብዮቱ ዋዜማ 80,000 ገደማ አባላት ነበሩት። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም የጠራው አድማ አገሪቱ አይታው የማታውቀው አጠቃላይ የሥራ ማቆም ነበር።

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የሠራተኛው ወገን ነኝ አለ። ኢሠአማ ግን ሥልጣን ለሕዝብ ይሰጥ ብሎ ጠየቀ። መልሱ እስር ሆነ፤ ፕሬዚዳንቱ አቶ በየነ ሰለሞንና ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው መስከረም 1967 ዓ.ም ታሰሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የማህበሩ ዋና መሥሪያ ቤት ተዘጋ፤ ሰበቡ እንደገና ይደራጃል የሚል ነበር። አዲስ ምርጫ ተደረገ። ደርግ የሚታዘዝለት አመራር ይመጣል ብሎ ጠብቆ ከነበረ፣ ሠራተኛው የመረጠው ማርቆስ ሐጎስን ነው።

ከእሱ በፊት የነበሩት የት እንደገቡ ማርቆስ ያውቃል። ዝም ብሎ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ይችል ነበር። ግን መስከረም 1968 ዓ.ም እሱ የሚመራው ማህበር የመናገር፣ የመሰብሰብ፣ የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት ይከበር ብሎ ውሳኔ አሳለፈ። ካልተከበረም አድማ እንደሚጠራ አስታወቀ። ጽሑፉ ለአየር መንገድ ሠራተኞች ሲበተን የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ ሰዎች ሞቱ። በቀናት ውስጥ አዲስ አበባ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ማርቆስ ተደበቀ።

በ1968 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 64 ኢሠአማ ፈረሰ። በምትኩ ለመንግሥት የሚታዘዝ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማህበር በ1969 ዓ.ም ተቋቋመ። ማህበር እኮ አልጠፋም፤ የጠፋው ሠራተኛው መሪውን ራሱ የመምረጥ መብት ነው።

ማርቆስ የኢሕአፓ አባል ነበር። በዚያ ዓመት ደም በሁለቱም በኩል ፈሰሰ፤ የአዲሱ ማህበር ሊቀመንበር ቴዎድሮስ በቀለ በኢሕአፓ ታጣቂዎች ተገደለ። ማርቆስም እዚያው 1969 ዓ.ም ውስጥ በደርግ ተገደለ። ሁለት የሠራተኛ መሪዎች፣ አንድ ዓመት። ሠራተኛው ግን አንዱንም አላተረፈም።

ይሄ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ዛሬ በሥራ ላይ ባለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቁጥሩ 10 ነው። አሥር ሠራተኛ ያለው ሆቴል ወይም ዳቦ ቤት ውስጥ ማህበር ማቋቋም ይቻላል። ከአሥር በታች ከሆናችሁም ከሌሎች ድርጅቶች ሠራተኞች ጋር ተሰባስባችሁ ጠቅላላ ማህበር መመሥረት ትችላላችሁ። የመንግሥት መምህርና የጤና ባለሙያ ግን አሁንም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመደራጀት መብታቸውን ቢጠቅስም።

ቀጣሪያችሁ ማህበር የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም ካላችሁ፣ አዋጁን ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ አንብቡለት። በማርቆስ ጊዜ የማህበሩ ወረቀት ሲበተን ነበር የተተኮሰው።