የመታሰቢያ ሐውልቶች ነዳፊ ሰር ኤድዊን ላትየንስ

ታሪክ የጦር አለቆችን ስም ዘወትር ያነሣል፤ በጭቃ ውስጥ ወድቆ የቀረውን ተራ ወታደር ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። እንግሊዛዊው የሕንፃ ነዳፊ ሰር ኤድዊን ላትየንስ እነዚህ የተረሱ ሰዎች እንዲታሰቡ በድንጋይ የደከመ ሰው ነው።

ላትየንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 ዓ.ም. በሎንዶን ተወለደ። በልጅነቱ ሕመም ስለ ጠናበት እንደ ወንድሞቹ ትምህርት ቤት ገብቶ ለመማር አልቻለም። ቢሆንም ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ በገጠር እየተዘዋወረ አናጢዎችና ግንበኞች ሲሠሩ ይመለከት ነበር። የወደደውንም ቤት በመስተዋት ቁራጭ አሻግሮ እያየ፥ በሾለ ሳሙና በመስተዋቱ ላይ ይነድፈው ነበር። ኋላ በሥዕል ትምህርት ቤት 2 ዓመት ያህል ተምሮ፥ በ20 ዓመቱ ገደማ የራሱን ሥራ ጀመረ። የባለጸጎችን መኖሪያ ቤቶች በመንደፍም ስመ ጥር ሆነ።

በ1917 ዓ.ም. ወደ ፈረንሳይ ተልኮ በጦር ሜዳ ያሉትን መቃብሮች ጐበኘ። የብሪታንያ መንግሥት የሙታን አስከሬን ወደ አገር እንዳይመለስ ወስኖ ስለ ነበረ፥ ብዙ እናቶች ቀርበው የሚያለቅሱበት መቃብር አጥተው ነበር። ላትየንስም መኰንኑና ተራው ወታደር፥ ሃይማኖታቸውም ማናቸውም ቢሆን፥ በእኩል ክብር እንዲታሰቡ አሳሰበ። ስለዚህ በታላላቆቹ መካነ መቃብሮች የሚቆመውን የመታሰቢያ ድንጋይ ያለ ሃይማኖት ምልክት ነደፈው። መስቀል ሊኖር ይገባል የሚሉም ስለ ነበሩ፥ ሬጂናልድ ብሎምፊልድ የነደፈው መስቀል እንዲሁ እንዲቆም ተደረገ።

በ1919 ዓ.ም. ለሰላም በዓል ሰልፍ በሎንዶን በኋይትሆል መንገድ ላይ ከእንጨትና ከልስን ጊዜያዊ ሐውልት አሠራ። ስሙ ሴኖታፍ ሲሆን፥ በግሪክ ቋንቋ ባዶ መቃብር ማለት ነው። ኀዘንተኞች ግን የልጃቸውና የባላቸው መቃብር አድርገው ተቀበሉት፤ በእግሩም ሥር አበባ ከመሩበት። የሕዝቡን ፍቅር በማየት መንግሥት በድንጋይ እንዲሠራ አዘዘ፤ በኖቬምበር 11 ቀን 1920 ዓ.ም. ተመረቀ።

በኒው ዴልሂ ለሕንድ ወታደሮች መታሰቢያ የነደፈው በር በ1931 ዓ.ም. ተመረቀ። በዓመቱ በፈረንሳይ የተመረቀው የቲየፕቫል ሐውልት ግን ከሁሉ ይልቃል። በሶም ጦርነት ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀ ከ72,000 የሚበልጡ ወታደሮች ስም ተቀርጾበታል። ይህን ሁሉ ስም የሚይዝ ግድግዳ ስላስፈለገ፥ ቅስትን በቅስት ላይ ደርቦ በ16 ታላላቅ ምሰሶዎች አቆመው።

ላትየንስ በጃንዋሪ 1 ቀን 1944 ዓ.ም. ሲሞት ዓለም እንደ ገና በጦርነት ላይ ነበረች። ሁለት ዓመት ቈይቶ፥ የሁለተኛው ጦርነት ዘመን በሴኖታፍ ላይ ተጨምሮ ተቀረጸ። እኛም ተማሪዎች የታላላቆችን ስም ስናጠና፥ ስማቸው በግድግዳ ላይ ብቻ የቀረላቸውን ልናስብ ይገባናል።