በ4,000 ዶላር የተገዛው ወጣት ፤ የሮቤርቶ ክሌሜንቴ ታሪክ

በአሜሪካ አገር የቤዝቦል ጨዋታ ከታላላቆቹ ክለቦች በታች እንደ መሰላል የተደረደሩ አነስተኛ ክለቦች አሉ። አዲስ የተቀጠረ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ወደነዚህ ይላካል። እዚያም ሳለ መልማዮች፣ ማለት ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ለክለባቸው ተጫዋች የሚመርጡ ሰዎች፣ ማስታወሻቸውን ይዘው ከተመልካቹ መካከል ይቀመጡና ይመዝኑታል። በሜዳው ዳርቻ ቆሞ ከሩቅ የምትመጣውን ኳስ የሚቀልበው ተጫዋች የሚመዘነው በአምስት ነገር ነው፤ ይኸውም ኳስን በዱላ አግኝቶ በመምታት፣ አርቆ በመምታት፣ በሩጫው፣ በቅልቢያውና በክንዱ ብርታት ነው። አምስቱን አሟልቶ የሚገኝ ወጣት እጅግ ጥቂት ነው።

ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቼ የማቀርበው ሮቤርቶ ክሌሜንቴ አምስቱም ነበሩት። ነገር ግን በ1954 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የተጻፈለትን ውጤት ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ክሌሜንቴ የተወለደው ነሐሴ ወር በ1934 ዓ.ም. በፖርቶ ሪኮ ደሴት ካሮሊና በምትባል ከተማ ነው። አባቱ በሸንኮራ አገዳ እርሻ የሠራተኞች አለቃ ነበሩ፤ እርሱም ከልጆቻቸው ሁሉ የመጨረሻው ነበር። በትምህርት ቤት ሳለ ጦር ውርወራ ይወዳደር ስለ ነበረ ክንዱ እዚያ እንደ ጠነከረ ይነገራል። በ1952 ዓ.ም. ገና አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው ሳንቱርሴ የተባለው ያገሩ ክለብ ቀጠረው። በዚያው ዓመት ብሩክሊን ዶጀርስ ለተባለው ታላቅ ክለብ የሚመለምለው አል ካምፓኒስ ወጣቶችን በአንድነት ሰብስቦ ሲፈትን ክሌሜንቴን አየው። ሲወረውርና ሲሮጥ ካየ በኋላ ሌሎቹን ትቶ ዓይኑን በእርሱ ላይ አሳረፈ።

በየካቲት ወር 1954 ዓ.ም. ዶጀርስ 10,000 ዶላር የፊርማ ገንዘብና 5,000 ዶላር የዓመት ደመወዝ ሰጥቶ አስፈረመው። ሚልዋኪ ብሬቭስ የተባለው ክለብ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ አቅርቦለት ነበር፤ ወጣቱ ግን አስቀድሞ ለዶጀርስ ቃል ስለ ሰጠ ቃሉን አላጠፈም።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ ከ4,000 ዶላር በላይ የፊርማ ገንዘብ የተቀበለ ወጣት በታላቁ ክለብ ውስጥ መቆየት ነበረበት፤ ወደ አነስተኛ ክለብ ከተላከ ግን በዓመቱ መጨረሻ ማንኛውም ክለብ 4,000 ዶላር ከፍሎ ሊወስደው ይችል ነበር። ዶጀርስ በሜዳው ዳርቻ እንደ ዱክ ስናይደርና እንደ ካርል ፉሪሎ ያሉ ስመ ጥር ተጫዋቾች ስለ ነበሩት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ወደ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ሮያልስ ወደ ተባለው ክለብ ላከው።

በሞንትሪያል ክሌሜንቴ ብዙውን ቀን ተቀምጦ ዋለ። ቋንቋውን አያውቅም፤ ብርዱም ለእርሱ አዲስ ነበር። ቡድኑ ወደ ሪችመንድ ከተማ ወደ ቨርጂኒያ ሲወርድ ደግሞ ቆዳው ጥቁር በመሆኑ ከነጮቹ ጓደኞቹ ተለይቶ ማደር ነበረበት። ብዙ ሰዎች ክለቡ ሌሎች እንዳያዩት ሆን ብሎ ደብቆታል ይላሉ። በኋላ የጨዋታውን መዝገብ አንድ በአንድ የመረመሩ ሰዎች ግን አሰልጣኙ ማክስ ሜከን አብዛኛውን ጊዜ ያሰለፈው በግራ እጃቸው የሚወረውሩ ተቃራኒዎች በሚመጡበት ቀን እንደ ነበረ አሳይተዋል። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱ አይቃረኑም፤ የተደበቀም ሆነ ያልተደበቀ፣ ተቀምጦ የሚውል ልጅ አይታይም።

በዚያ ዓመት 87 ጨዋታ ተሰለፈ፤ ብዙዎቹም የተቆራረጡ ነበሩ። ለመምታት ከተቆጠረለት 148 ጊዜ የተሳካለት 38 ጊዜ ነው። ይህ በአሜሪካኖች ስሌት ከሺህ 257 ማለት ሲሆን፣ ጎበዝ የሚባለው 300 የደረሰ ነው። ከአጥር ውጭ የሰደዳቸው ኳሶች ሁለት ብቻ ነበሩ። ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁት በቅርብ ስለ ሆነ የውጤት ወረቀት ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ገና አልረሳሁትም። ይሁን እንጂ ሒሳቡን ደግመን ብንሠራው ክሌሜንቴ ሰባት ምት ብቻ ቢጨመርለት 300ን ያልፍ ነበር። በ148 ሙከራ ሰባት ምት ነፋስ የሚያመጣውና የሚወስደው ነገር ነው።

ፒትስበርግ ፓይሬትስ የሚባለው ክለብ በዚያ ዓመት መጨረሻ ደረጃ ላይ የወደቀ ነበር፤ ስለዚህም ከአነስተኛ ክለቦች ተጫዋች ለመምረጥ የመጀመሪያው ተራ የእርሱ ሆነ። የክለቡ መልማይ ክላይድ ሱክፎርዝ ወደ ሪችመንድ የሄደው ጆ ብላክ የተባለውን የሞንትሪያል ወርዋሪ ለማየት ነበር። ጨዋታው ሳይጀመር ተጫዋቾቹ ሲለማመዱ አንድ ልጅ ከቀኝ ሜዳ ኳስ ሲወረውር አየና የመጣበትን ጉዳይ ረሳ። ይህ ሰው በ1945 ዓ.ም. ጃኪ ሮቢንሰንን ወደ ብራንች ሪኪ ቢሮ ያቀረበው ያው ሱክፎርዝ ነው። ልጁ በጨዋታው ጊዜ ቢቀመጥም እርሱ በልምምዱ ሰዓት እየተገኘ ተመለከተው፤ ከዚያም ክለቡ እንዲወስደው አሳሰበ። በኅዳር ወር 1954 ዓ.ም. ፒትስበርግ 4,000 ዶላር ከፍሎ ወሰደው።

እዚህ ላይ ታሪኩ የሚያስገርም መልክ ይይዛል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ክሌሜንቴ በሆስፒታል የተኛ ወንድሙን ጠይቆ ሲመለስ ሰካራም የነዳው መኪና ገጨው፤ የጀርባ አጥንቱም ተጎድቶ ዕድሜ ልኩን ሲያመው ኖረ። በጥር ወር 1955 ዓ.ም. የፒትስበርግ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ያው ብራንች ሪኪ ፖርቶ ሪኮ ሄዶ ሲጫወት ተመለከተውና ማስታወሻ ጻፈ። ክንዱን አመሰገነ፤ ሩጫውን ግን ነቀፈ፤ ቤዝ ላይ ከደረሰ በኋላ ድፍረት የለውም አለ፤ በ1955 ለታላቅ ክለብ እንደማይጠቅምና ክለቡ በእጁ የገባውን ልጅ ታቅፎ መቅረቱ መሆኑን በቅሬታ ገለጸ። ሪኪ በተጫዋች ምርጫ በዘመኑ እጅግ ከታወቁት ሰዎች አንዱ ነበር።

ለጊዜው የተሳሳተም አልነበረም። ክሌሜንቴ በመጀመሪያው ዓመት ከሺህ 255 መታ። በሁለተኛው ዓመት ግን 311 ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። በ1960 ፒትስበርግ የኒው ዮርክ ያንኪስን አሸንፎ ዋንጫ ሲወስድ በሰባቱም ጨዋታ መታ። በ1961፣ በ1964፣ በ1965ና በ1967 ዓ.ም. በምት ብልጫ የሊጉ አንደኛ ሆነ፤ በ1966 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ በቅልቢያውና በውርወራው የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት 12 ጊዜ ተሸለመ። ከቀኝ ሜዳ ጥግ ወርውሮ ሯጭ የሚያስቀረውን ያን ክንድ የሚፈሩ ተቃራኒዎች ባሉበት ቤዝ ላይ መቆምን ይመርጡ ነበር። ጋዜጦች ግን ስሙን አሜሪካዊ አድርገው ቦብ ይሉት ነበር፤ እርሱም ይህን አይወድም ነበር። በ1971 ዓ.ም. በባልቲሞር ላይ እንደ ገና በሰባቱም ጨዋታ መትቶ የውድድሩ ኮከብ ከሆነ በኋላ፣ በቴሌቪዥን ፊት ቀርቦ ከሁሉ አስቀድሞ በስፓኒሽ ቋንቋ ወላጆቹን አነጋገረ።

መስከረም 30 ቀን 1972 ዓ.ም. 3,000ኛውን ምት መታ። በመደበኛው ውድድር የመጨረሻው ምት እርሱ ሆነ።

በታኅሣሥ ወር የኒካራጓ ዋና ከተማ ማናጓ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ክሌሜንቴ እርዳታ አሰባስቦ ላከ፤ የተላከው በወታደሮች እጅ እየቀረ ለተጎጂው አልደረሰም የሚል ወሬ ሲሰማ ግን እኔው ራሴ ላድርሰው ብሎ ተነሣ። ታኅሣሥ 31 ቀን ማታ ከሳን ሁዋን የተነሣው አውሮፕላን ከመጠን በላይ ተጭኖ ነበር፤ ብዙም ሳይርቅ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ባሕር ውስጥ ወደቀ። ዕድሜው 38 ዓመት ነበር።

በቤዝቦል የክብር መዝገብ ለመግባት ተጫዋቹ ካቆመ በኋላ አምስት ዓመት መጠበቅ ይገባል። ለክሌሜንቴ ይህ ደንብ ቀርቶለት በ1973 ዓ.ም. ገባ፤ ከላቲን አሜሪካና ከካሪቢያን አገሮችም የመጀመሪያው ሆነ። የመታሰቢያ ጸሎት በሚደረግበት ቀን የክለቡ ጓደኛ ማኒ ሳንጊየን አልተገኘም፤ ከጠላቂዎቹ ጋር ባሕር ውስጥ ሆኖ ይፈልገው ነበር። አስከሬኑ ግን አልተገኘም።