መድኃኒት ቀማሚው ማርቲን ክላፕሮት

ማርቲን ሃይንሪሽ ክላፕሮት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1743 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቬርኒገሮደ ከተማ ከአንድ ልብስ ሰፊ ተወለደ። በ1751 በተነሣ ቃጠሎ ቤተ ሰቡ ስለ ደኸየ፣ እርሱ መድኃኒት ቤት ገብቶ ቅመማ ተማረ። በበርሊንም አሠሪው ቫለንቲን ሮዘ ሲሞት መድኃኒት ቤቱን እየመራ የሟቹን ልጆች አሳደገ። ይህ ደግነቱ ከዕውቀቱ አያንስም እላለሁ።

በ1789 ዓ.ም. ከአንድ ጥቁር ደንጊያ ዩራኒየምን፣ ዚርኮን ከሚባለውም የሴሎን ዕንቍ ዚርኮኒየምን አገኘ። በ1795 ለቲታኒየም ስም አወጣለት። ዩራኒየም ጨረር እንዳለው ግን ሳያውቅ ሞተ፤ ይህ የታወቀው በ1896 ነው።

ዛሬ የአቶም ኃይል ጥራጊ ለብዙ ሺህ ዓመታት አደገኛ ሆኖ ስለሚቈይ፣ ውኃ አጥቦ ወደ ምንጭ እንዳያወርደው በምን ይታሰር የሚለው ነገር ሊቃውንትን አስጨንቋል። አውስትራሊያዊው ሪንግዉድ በ1978 ያቀረበው ሰው ሠራሽ ደንጊያ ከቲታኒየምና ከዚርኮኒየም ማዕድናት በብርቱ ሙቀት የሚሠራ ነው። ዩራኒየም በዚህ ደንጊያ ውስጥ እንደ አካሉ ሆኖ ይያዛል። እንግዲህ እስረኛውንም የወኅኒውንም ግንብ ያገኘው አንድ ሰው ነው! ተፈጥሮማ ይህን ቀድማ ታውቀዋለች፤ ከእኛ ከዲላ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በጉጂ ምድር በቀንጢቻ ያለው የታንታለም ደንጊያ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዩራኒየም አምቆ ኖሯል።

ክላፕሮት በ1810 በአዲሱ የበርሊን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኖ፣ በ1817 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ዐረፈ።