ዶክተር ዓሊ አል ወርዲ፦ ከቅመም ሱቅ እስከ ሶሲዮሎጂ

ከራውሼ ቋጥኞች ተነሥቶ የባሕሩን ዳርቻ ወደ ሰሜን የተከተለ መንገደኛ የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲን ግቢ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1866 በተመሠረተው በዚህ ተቋም ከተማሩት የዐረቡ ዓለም ሊቃውንት አንዱ ኢራቃዊው ዶክተር ዓሊ አል ወርዲ ናቸው።

በ1913 ያኔ ባግዳድ አጠገብ በነበረችው ካዚሚያ ተወለዱ። የቤተሰቡ መጠሪያ የመጣው ቅድመ አያታቸው የጽጌረዳ ውኃ የሚያነጥሩ ስለነበሩ ነው። በልጅነታቸው ከትምህርት ገበታ ተለይተው በአንድ የቅመማ ቅመም ነጋዴ ሱቅ ተቀጠሩ፤ ይሁን እንጂ ገዢ ቆሞ እየጠበቀ ዓይናቸው ከመጽሐፍ አልነቀል ቢል ባለሱቁ አሰናበታቸው። በ1931 በማታ ትምህርት እንደገና ጀመሩ። ጥቂት ጊዜ ካስተማሩ በኋላ ወደ ቤይሩት ተልከው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1943 ተቀበሉ።

ሶሲዮሎጂን በጥልቀት ያጠኑት ግን በአሜሪካው ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1948 እስልምናን ከማኅበረሰብ ጥናት አንጻር መርምረው የማስተርስ ዲግሪ አገኙ፤ በ1950 የዶክትሬት ጥናታቸው የኢብን ኻልዱንን አስተሳሰብ የሚመለከት ነበር። ያን ያህል ባሕር ተሻግረው የመረጡት መምህር በ1332 ቱኒስ ውስጥ የተወለደውን ሙስሊም ሊቅ መሆኑ ልብ ይሏል።

ሶሲዮሎጂ ተምሮ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ዛሬም በየቤቱ ይነሣል። አል ወርዲ በባግዳድ የያዙት መደበኛ ሥራ መምህርነት ነበር፤ ትልቁ ሥራቸው ግን ከክፍል ውጭ የተከናወነ ነው። ሱቅ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሊረዳው በሚችል ቀላል ዐረብኛ ጻፉ። የኢራቅ ሰው በበዳዊ ልማድና በከተማ ሥልጣኔ መካከል ተወጥሮ እንደሚኖር አስረዱ። በ1954 የታተመው «የሱልጣኖች ሰባኪዎች» የተሰኘው መጽሐፋቸው ደግሞ የሰው ኑሮ ሳይለወጥ ምክርና ተግሣጽ ብቻውን ጠባዩን እንደማይለውጥ ተከራከረ። ከሚንበር እየቆሙ ድኻውን የሚገሥጹ፣ ገዢውን ግን የሚያልፉ ሰዎችንም አልማረም። ብዙ ዑለማዎች ተቆጡ፤ የመልስ መጻሕፍትም ተጻፉባቸው። ትችቱ ሁሉ መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ አንድን ሕዝብ በሙሉ በአንድ ጠባይ መግለጽ ከማስረጃው በላይ መሄድ ነውና።

በ1970 ጡረታ ወጥተው ጊዜያቸውን ለጽሑፍ ሰጡ። የዘመናዊ ኢራቅን ታሪክ ከማኅበራዊ ኑሮ አንጻር የሚተርከውን ባለብዙ ቅጽ ሥራቸውን ማሳተም የጀመሩት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ነበር። ወደ አኼራ የሄዱት ሐምሌ 1995 በባግዳድ ነው። መጻሕፍታቸው በከተማዋ የሙተነቢ ጎዳና መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ዛሬም ይገኛሉ።