የሲየሩ ኢማም፦ ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አሽ-ሸይባኒ

ዓለም አቀፍ ግንኙነትን በዩኒቨርሲቲ የተማርን ሰዎች የዚህ ዕውቀት አባት ሆላንዳዊው ሁጎ ግሮቲየስ እንደሆነ ተነግሮናል። ግሮቲየስ ስለ ጦርነትና ሰላም ሕግ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1625 ነው። እኔም ይህንኑ ለፈተና ሸምድጄ አልፌያለሁ። ግሮቲየስ መጽሐፉን ከማሳተሙ 820 ዓመታት ቀደም ብሎ በ805 (በ189 ዓመተ ሒጅራ) ያረፉ አንድ የኢራቅ ዓሊም በዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ትተው ማለፋቸውን ግን ያነሳልን አስተማሪ አልነበረም።

ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አሽ-ሸይባኒ በ132 ዓመተ ሒጅራ በዋሲጥ ተወልደው በኩፋ አደጉ። የተወለዱበት ዓመት ዐባሲዮች በኒ ኡመያን ገልብጠው ሥልጣን የያዙበት ነው። ገና ልጅ ሳሉ ከኢማም አቡ ሐኒፋ ዘንድ ቀረቡ። ኢማሙ በ767 ሲሞቱ ተማሪው የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ቢሆኑ ነው። የጎደላቸውን ከአቡ ዩሱፍ ተማሩ፤ ቀጥለውም መዲና ወርደው ከኢማም ማሊክ ዘንድ ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጡ። ከአባታቸው የወረሱትን 30,000 ዲርሃም እኩሌታውን ለሰዋስውና ለግጥም፣ እኩሌታውን ለሐዲስና ለፊቅህ ትምህርት እንዳዋሉት ይነገራል። ውርስ ሲባል ቤትና ሱቅ ብቻ ለሚታየን ለእኛ ይህ ትንሽ ያሳፍራል። ኋላ ኢማም አሽ-ሻፊዒ ባግዳድ መጥተው ከእርሳቸው ተምረዋል።

ሲየር የሚባለው የሙስሊሙ መንግሥት ከሌሎች ሕዝቦች ጋር በጦርነትም በሰላምም የሚኖረውን አካሄድ የሚመለከተው የፊቅህ ክፍል ነው። የአሽ-ሸይባኒ አጻጻፍ የሰበካ አይደለም፤ ጥያቄ ይነሳል፣ መልስ ይሰጣል፣ ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይከተላል። የባዕድ አገር መልእክተኛ የንጉሡን ደብዳቤ ይዞ ቢመጣ ምን ይደረጋል? አይነካም። ከነጋዴው ምን ያህል ቀረጥ ይወሰዳል? አገሩ ከእኛ ነጋዴ የሚወስደውን ያህል፤ እነርሱ ካልወሰዱ እኛም አንወስድም። አንድ ሙስሊም የደኅንነት ዋስትና ማለትም አማን ተቀብሎ ጠላት አገር ቢገባስ? ከንብረታቸው ሰርቆ መውጣት ክህደት ነው፤ እያወቀ ያንን ዕቃ የሚገዛውም ሰው የተጠላ ሥራ ሠርቷል። በመያዣነት የተቀመጡ የጠላት ሰዎችም፣ ጠላት በእርሱ ዘንድ ያሉትን የእኛን ሰዎች ቢገድል እንኳ፣ አይገደሉም። አንዱ በሌላው ኃጢአት አይጠየቅምና። እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

ይህ ሁሉ ግን በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። በ792 ከዓልይ ዘር የሆነው የሕያ ኢብኑ ዐብዱላህ በደይለም ዐመፀ። ኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ በጽሑፍ አማን ሰጥቶት እጁን አስገባ፤ ኋላ ግን ሊያፈርሰው ፈለገና ዑለሞችን ሰብስቦ ጠየቀ። አሽ-ሸይባኒ ያን ጊዜ የረቃ ቃዲ ነበሩ። ሹመቱን የተቀበሉትም ሳይወዱ ነው፤ መምህራቸው አቡ ሐኒፋ ሹመት እምቢ ብለው እስር ቤት የገቡ ሰው ናቸውና። ሰነዱን አንብበው አማኑ የጸና መሆኑን፣ ሊፈርስ እንደማይችል ተናገሩ። ሃሩን ተቆጣ። ሌላው ቃዲ አቡል በኽተሪ ግን አማኑ ባዶ ነው ብሎ ወረቀቱን ቀደደው። አሽ-ሸይባኒ ከቃዲነት ተነሱ፤ ፈትዋ እንዳይሰጡም ተከለከሉ። የሕያም ከእስር አላመለጠም።

ኢማሙን ዛሬ የምንኖርበት ሥርዓት ሰው አድርጎ ማቅረብ እውነት አይሆንም። በእርሳቸው ዘመን ዓለም ዳሩል ኢስላምና ዳሩል ሐርብ ተብላ የተከፈለች ነበረች፤ ምርኮኛን ባሪያ ማድረግም በሁሉም ወገን የተለመደ ነበር፤ መጽሐፋቸውም ይህን ሁሉ እንዳለ ይዟል። ለማንኛውም አውሮፓውያን ራሳቸው ኋላ አወቋቸው። ኦስትሪያዊው ሐመር ፑርግስታል በ1827 ከግሮቲየስ ጋር አመሳሰላቸው፤ በ1955 በጀርመን ጎቲንገን በስማቸው የዓለም አቀፍ ሕግ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1966 ደግሞ ኢራቃዊው ምሁር መጂድ ኸዱሪ ሲየራቸውን ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። እኚሁ ኸዱሪ በሌላ መጽሐፋቸው ሐበሻን ከጦርነት ውጭ የቆየች ገለልተኛ አገር አድርገው ስለ እርሷ ጽፈዋል፤ የእኛ ሰው ይህንንም ቢያነበው መልካም ነው።

ኸሊፋው ውሎ አድሮ ወደ ኢማሙ ተመለሰ። በ805 ወደ ኹራሳን ሲጓዝ አስከትሏቸው ነበርና ሬይ አጠገብ ሞቱ። የሰዋስው ሊቁ አል-ኪሳኢም በዚያው ጉዞ፣ በአንድ ቀን እንደሞቱ ይዘገባል። ትልቁ የሲየር መጽሐፍ ለብቻው አልደረሰንም። የደረሰን ከ200 ዓመታት በላይ ቆይተው የተነሡት ኢማም አስ-ሰረኽሲ በሰጡት ማብራሪያ ውስጥ ተካቶ ነው፤ እርሳቸውም ማብራሪያውን ለተማሪዎቻቸው በቃል ማጻፍ የጀመሩት እስር ላይ ሆነው ነበር።